ወደ ደሴት ስለሚደረግ የዕረፍት ጉዞ

(በተማሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን የጉዞ ኮሚቴ «በመጪው ዕረፍት ወዴት እንሂድ?» ብሎ ለጠየቀው ጥያቄ ብዙ መልስ ቀርቧል። ከሁሉም ይልቅ ብዙ እጅ የተነሣለት «ወደ ደሴት እንሂድ» የሚለው ነው። ነገር ግን ደሴት ሲባል ሁላችንም ያሰብነው አንድ ነገር አይደለም። ከፊላችን ነጭ አሸዋ፣ የኮኮናት ዛፍና ሞቅ ያለ ባሕር፣ ይኸውም በሥዕልና በፊልም ያየነውን ዛንዚባርን ወይም ሲሼልስን አሰብን። ከፊላችን ደግሞ እዚሁ ከአምቦ በላይ፣ በወንጪ ሐይቅ መካከል ያለውን ደሴት አሰብን። ኮሚቴው ነገሩን መርምሬ አሳቤን እንዳቀርብ ስላዘዘኝ፣ ዛሬ የምናገረው ስለ ሦስት ነገር ነው። አንደኛው የሩቁ ደሴት ከእኛ ምን እንደሚጠይቅ፣ ሁለተኛው የቅርቡ ደሴት ምን እንደሚሰጠን፣ ሦስተኛው ጉዞው ገንዘብ ያላቸው ብቻ እንዳይሆን እንዴት እንደምናቅደው ነው። እውነቱን ለመናገር አብልጦ የሚያሳስበኝ ይህ ሦስተኛው ነው።

ስለ ሩቁ ደሴት

ዛንዚባርን መመኘት ነውር አይደለም። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የጥቂት ሰዓት መንገድ ናት፤ የአገራችን አየር መንገድም ወደዚያ ይበራል። ይሁን እንጂ ምኞትና ዕቅድ የተለያዩ ናቸው። ዕቅድ ማለት የሚያስፈልገውን ሁሉ በወረቀት ላይ ዘርዝሮ፣ በየአንዳንዱ ፊት ለፊት «ማን ይከፍላል? እስከ መቼ?» ብሎ መጻፍ ነው። ለሩቁ ደሴት ዝርዝሩ ፓስፖርት፣ የመግቢያ ፈቃድ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ፣ የአውሮፕላን ቲኬት፣ ማደሪያና የውጭ ምንዛሪ ይሆናል። ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደን የመጨረሻው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ቀድሞ በባንክ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በብር እየቆጠበ በዶላር የሚከፈል ዕረፍት የሚያቅድ ተማሪ እንግዲህ የራሱን ጥላ እንደሚያሳድድ ሰው ነው፤ በሮጠ መጠን ጥላውም ይሮጣል።

ለወደፊቱ ግን ከእኛ መካከል ወደዚያ የሚሄድ አይጠፋምና አንድ ጠቃሚ ነገር ልናገር። በዛንዚባር ትልቁ ዝናብ የሚወርደው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ትንሹ ዝናብ ደግሞ በኅዳር አካባቢ ነው። እኛ በሐምሌና በነሐሴ ጭቃ ስንረግጥ እዚያ ደረቅ ወራት ነው። ስለዚህ የእኛ የክረምት ዕረፍት ለዚያ ጉዞ የተመቸ ነው። ሥራ ይዞ ደመወዝ የሚቆጥብ ሰው ይህን ልብ ይበል።

ደሴትን የምናይበት ዐይንም ለዘመናችን አዲስ መሆኑን ላስታውስ። ዛሬ በማስታወቂያ ላይ እንደ ገነት የሚታዩት ደሴቶች በአባቶቻችን ዘመን የመከራ ስፍራዎች ነበሩ። በዛንዚባር እስከ 1873 እ.ኤ.አ. ድረስ የባሪያ ገበያ ቆሞ ነበር፤ ዛሬ በቦታው ላይ የአንግሊካን ካቴድራል ይታያል። የአሻንቲው ንጉሥ ፕሬምፔ በእንግሊዞች ተግዘው ከ1900 እስከ 1924 እ.ኤ.አ. የኖሩት በሲሼልስ ነው። ኔልሰን ማንዴላ በእስር ካሳለፏቸው 27 ዓመታት ውስጥ 18ቱን የቆዩት በሮበን ደሴት ነው። የእኛም ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ በ1929 ዓ.ም. በጣልያኖች እጅ ከወደቁ በኋላ ፖንዛ በምትባል ትንሽ ደሴት ታስረዋል። የታሪክ ፍርድ ረቂቅ ነውና፣ በሐምሌ ወር 1935 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ራሱ ከሥልጣን ወርዶ በተያዘ ጊዜ ወደዚያችው ወደ ፖንዛ ተወስዶ፣ ራስ እምሩ ታስረውበት በነበረው ቤት ተቀመጠ።

በእኛ አገር ደግሞ ደሴት ከሁሉ በላይ የጸሎትና የአደራ ቦታ ነው። በጣና በዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት አፅም ተጠብቆ ይኖራል። በዝዋይ ደሴቶች ላይ ያሉት አብያተ ክርስቲያናትም በመከራ ጊዜ ቅርስና መጻሕፍት እንደ ተሸሸገባቸው ይነገራል። ባሕር የሌላት አገር ልጆች ስለ ሆንን ሐይቁን ሁሉ ባሕር ብለን እንጠራለን፤ በውሃ የተከበበውንም ምድር ለእግዚአብሔር ሰው ሰጥተን ኖረናል። ወደ ደሴት የሚሄድ ኢትዮጵያዊ እንግዲህ ቤቱ ባለቤት እንዳለው አውቆ የሚገባ እንግዳ ነው።

ስለ ቅርቡ ደሴት

አሁን ወደ ወንጪ ልመለስ። «የሐሩር ደሴት ካልሆነ ምን ያደርግልናል?» ያላችሁ ወንድሞቼ ቅር አይበላችሁ፤ ወንጪም በሐሩር ክልል ውስጥ ነው። የሐሩር ክልል ከምድር ወገብ በስተሰሜንና በስተደቡብ እስከ 23 ዲግሪ ተኩል ይደርሳል። ዛንዚባር ከምድር ወገብ በስተደቡብ በ6 ዲግሪ ገደማ ስትሆን፣ ወንጪ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ይገኛል። ልዩነቱ ከፍታው ነው። ዛንዚባር በባሕር ጠለል ላይ ስትሆን የወንጪ ሐይቅ በ2,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተኝቷል፤ ተራራውም ወደ 3,400 ሜትር ይጠጋል። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከ6 ዲግሪ በላይ እንደሚቀዘቅዝ በመልክዐ ምድር ትምህርት ተምረናል። ሒሳቡን ብንሠራው ከባሕር ዳርቻው 19 ዲግሪ ገደማ፣ ከአምቦ ከተማም 5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል ማለት ነው። ስለዚህ የመዋኛ ልብስ ያዘጋጀ ሰው ቢኖር በእርሱ ፈንታ ጋቢ ይያዝ።

ቦታው ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ዛሬ የሚቆጠረው በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ዞን ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ በወሊሶ በኩል የሚመጣም ሰው ብዙ ነው። ሐይቁ የተፈጠረው በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የተራራው አናት ወደ ውስጥ በመስጠሙ ነው። ከገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ለሚያይ ሰው ውሃው፣ ደሴቱ፣ የእንሰቱ ማሳና የሣር ቤቶቹ በአንድ ትልቅ ገበታ ላይ የቀረቡ ይመስላል። በሸለቆው ውስጥ ፍል ውሃ አለ፤ እንደ አምቦ ውሃ የሚፈላ ማዕድናዊ ምንጭም አለ፤ በወራጅ ውሃ የሚዞር የእህል ወፍጮም ይታያል።

ከዚህ ጋር የጂኦግራፊ መምህሮቻችን ደስ የሚሰኙበትን ነገር ልጨምር። ከወንጪ በስተምሥራቅ ሌላ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ አለ፤ እርሱም ደንዲ ነው። ደንዲና ወንጪ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ውሃቸው ግን ተለያይቶ ይሄዳል። ከደንዲ የሚነሣው ሁሉቃ የአምቦን ከተማ አቋርጦ ወደ ጉደር፣ ከጉደርም ወደ ዓባይ ይገባል፤ መጨረሻውም ሜዲትራኒያን ነው። የወንጪ ውሃ ደግሞ በዋልጋ ወንዝ አድርጎ ወደ ኦሞ ይወርድና ቱርካና ሐይቅ ላይ ያበቃል። በአምቦ ድልድይ ላይ ቆመን የምናየው ውሃና በወንጪ ጀልባ ላይ ሆነን የምንነካው ውሃ ከአንድ ደጋ ወርደው ዳግመኛ አይገናኙም። ይህን በመጽሐፍ ካነበበው ይልቅ በእግሩ ሄዶ ያየው ተማሪ አይረሳውም።

የአምቦንም ውሃ በየቀኑ የምናየው ስለ ሆነ እንንቀው ይሆናል። ውሃው ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ በአገሩ ሁሉ ይጠጣል፤ ከተማችንም በንጉሡ ዘመን ሀገረ ሕይወት ተብላ ተጠርታለች። ከምድር ሆድ የሚወጣው ጋዝ ከውሃው ጋር መዋሐዱና የወንጪ ተራራ በእሳት መፈጠሩ የአንድ የተፈጥሮ ታሪክ ሁለት ገጾች ናቸው። እንግዲህ ጉዞአችን ከጠርሙሱ ተነሥተን ወደ ምንጩ መሄድ ነው ማለት ይቻላል።

በደሴቱ ላይ ያለው ገዳም በቅዱስ ቂርቆስ ስም የተሠራ ነው። የቅዱስ ቂርቆስ በዓል ጥር 15 እና ሐምሌ 19 ቀን ይከበራል። ሐምሌ ክረምት ስለ ሆነ ቁልቁለቱ ያዳልጣል፣ ጉሙም ሐይቁን ይሸፍነዋል፤ ለብዙ ሰው ጉዞ አይመችም። ጥር ግን ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ዕረፍታችን ከበዓሉ ጋር ከገጠመ ለመሳለም የሚወድ ሰው ደስ ይለዋል፤ ነገር ግን በዚያ ቀን ሕዝቡ ስለሚበዛ ጀልባ መጠበቅ አለ። ካልገጠመም ጸጥ ያለውን ቀን እንመርጣለን።

ከእኛ መካከል ኦርቶዶክስም፣ ፕሮቴስታንትም፣ ሙስሊምም፣ ዋቄፈታም አለ። በገዳሙ ደጅ ሁላችንም እንግዶች ነን። ጫማ አውልቁ ሲሉን እናወልቃለን፤ «ከዚህ አትለፉ» ሲሉን እንቆማለን፤ ፎቶ ግራፍ ከማንሣታችን በፊት እንጠይቃለን። የገዳሙን አባት «አባ» ብሎ፣ የአገሩን ሽማግሌ «ኦቦ»፣ እናቲቱን «አዴ» ብሎ መጥራት፣ ሰላምታውንም «አካም ጅርቱ» ብሎ መጀመር፣ ከዚያም «ገለቶማ» ብሎ ማመስገን ከማንኛውም መግቢያ ወረቀት የበለጠ በር ይከፍታል።

ስለ ዕቅዱ

ከዚህ ቀጥሎ ወደ ሦስተኛው ነገር እደርሳለሁ። ጉዞ ሲታሰብ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ብዙ ጊዜ የሚለጠፈው ቃል «አቅሙ የፈቀደ ይመዝገብ» የሚል ነው። ቃሉ ትሕትና ያለው ይመስላል። ነገር ግን ይህች አንዲት መስመር የአንድ ክፍል ተማሪዎችን ለሁለት ትከፍላለች። አቅሙ ያልፈቀደ ልጅ «ገንዘብ የለኝም» አይልም፤ «ፈተና አለብኝ»፣ «ዘመድ ይመጣብኛል»፣ «ቦታውን አይቼዋለሁ» ይላል። ጓደኞቹ ሲመለሱ ያነሡትን ፎቶ ግራፍ ያሳዩታል፤ እርሱም ይሥቃል። ማኅበር የሚለውን ስም የያዝን ሰዎች ይህን ሣቅ ልንሰማው ይገባል።

ስለዚህ ዕቅዱ ከመጨረሻው ሰው ይጀምር። በክፍላችን ውስጥ እጅግ ያጠረው ተማሪ ምን ያህል ሊያዋጣ ይችላል? ዋጋውን ከዚያ ተነሥተን እንቍረጥ። ለምሳሌ 40 ተማሪዎች ሆነን እያንዳንዳችን በሳምንት 50 ብር ለ12 ሳምንታት ብናስቀምጥ 24,000 ብር ይሆናል። ዕቁብ ነው እንዳልል፣ የዚህ ዕጣ ለሁላችን በአንድ ቀን ይወጣል። 50 ብር ለሚከብደው 20 ይስጥ፤ ለሚቀለው 80 ይስጥ። ሁሉም በታሸገ ፖስታ ያስገባ፤ የሰጠውን መጠን ከገንዘብ ያዡ በቀር ማንም አይወቅ፤ ደረሰኙም ለሁሉ አንድ ዓይነት ይሁን። መምህሮቻችንም በዚያው ሣጥን ውስጥ ቢጨምሩ አንከለክልም። ከተሰበሰበው ከዐሥር አንዱ እጅ ለድንገተኛ ነገር ይቀመጥ፤ ካልተነካ ለሚቀጥለው ዓመት ጉዞ ይተላለፍ።

ወጪው በሦስት ይከፈላል። ትልቁ የአውቶቡስ ኪራይ ነው፤ ስለዚህ ቀኑን አስቀድሞ መቍረጥና ከሌላ ማኅበር ጋር ተዳብሎ መከራየት ያቀልለናል። ሁለተኛው ምግብ ነው። ከካፌ የሚደርሰን የዕለት ምግብ በስንቅ መልክ እንዲሰጠን ብንጠይቅ ግማሹ ወጪ ይወድቃል። ስንቁም የጾም ምግብ ይሁን። በጾም ያለውንም፣ የሌላውን ሃይማኖት ባራኪ የማይበላውንም ሽሮና ምስር ያስማማል። ሦስተኛው በቦታው የሚከፈለው፣ ይኸውም የመግቢያ፣ የመሪ፣ የፈረስና የጀልባ ዋጋ ነው።

በዚህ በሦስተኛው ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። በወንጪ ፈረስ የሚያከራዩት፣ ጀልባ የሚቀዝፉትና መንገድ የሚመሩት የአካባቢው ገበሬዎችና ልጆቻቸው ናቸው፤ በማኅበር ተደራጅተው ተራ እየጠበቁ ይሠራሉ። «ተማሪ ነኝ» እያልን ዋጋ የምናስወርደው ከማን ላይ ነው? ተራውን ቀኑን ሙሉ ጠብቆ ካገኘው ሰው ላይ ነው። እኛ የምንቆጥበውን ከአውቶቡሱና ከስንቁ እንቆጥብ እንጂ ከጀልባ ቀዛፊው እንጀራ አንቁረስ። ተራ ሳይጠብቅ በመንገድ ላይ በርካሽ ልውሰዳችሁ የሚለንን ብንከተልም የእነርሱን ሥርዓት እናፈርሳለን።

ወንጪ ዛሬ ቀድሞ እንደ ነበረው የተሸሸገ ቦታ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በተጀመረው «ገበታ ለሀገር» በተባለው ዕቅድ ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ተመርጧል። በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ብሎ ከሰየማቸው አንዱ ሆኗል። ይህ የሚያስደስት ነው። ሆኖም ስሙ የገነነ ቦታ ሁለት ዓይነት እንግዳ ያገኛል፤ አንዱ የተመለከተውን ተመልክቶ ላስቲኩን ጥሎ የሚሄድ፣ ሁለተኛው ያመጣውን መልሶ የሚወስድ ነው። ሐይቁ የገደል ጉድጓድ ውስጥ ነውና በአፋፉ ላይ የተጣለ ሁሉ ከዝናቡ ጋር ወደ እርሱ ይወርዳል። ከአፋፉ የታረሰው መሬት አፈርም እንዲሁ ይወርዳል። የግብርና ተማሪዎቻችን ይህን አይተው ቢጽፉልን ጉዞው ትምህርት ይሆናል።

ስለ ደኅንነትም ዝም አልልም። ብዙዎቻችን የደጋ ልጆች ስለ ሆንን ዋና አናውቅም። በጀልባ ላይ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ያልተሰጠው ሰው አይሳፈር፤ ጀልባውም ከሚችለው ሰው በላይ አይጫን፤ በመካከል ፎቶ ግራፍ ለማንሣት የሚነሣ ሰው ቢኖር የቡድኑ አለቃ ይገሥጸው። ወደ ሐይቁ መውረድ ቀላል ነው፤ መውጣቱ ግን ትንፋሽ ይፈትናል። አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ለአለቃው ይንገርና ለመመለሻው ፈረስ ይያዝለት። በጉዞው ሳምንት ስለ መንገዱ ሁኔታና ስለ ጸጥታው የአካባቢውን ሰዎችና አስተዳደሩን እንጠይቅ፤ «ቆዩ» ካሉን እንቆያለን። ማልደን ተነሥተን ፀሐይ ሳትጠልቅ አምቦ እንግባ። ሲወጣም ሲገባም ስም ይጠራ።

አንዳንዶች «ተማሪ ማጥናት እንጂ መዝናናት ምኑ ነው?» ይላሉ። ለዚህ የምመልሰው ከተማሪው ታሪክ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ብሔራዊ አገልግሎት ሲጀመር ተማሪዎች አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ሄደው እያስተማሩ ይኖሩ ነበር። ብዙዎቹ አገራቸውን ያወቁት ያን ጊዜ ነው። የእኛ ጉዞ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ አገልግሎት ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን የጎረቤቱን ሐይቅ ሳያይ አራት ዓመት በአምቦ ኖሮ የሚመረቅ ተማሪ ዲግሪውን ይዞ ቢወጣም የኖረበትን አገር ይዞ አይወጣም።

እንግዲህ ለጉባኤው የማቀርበው አሳብ ይህ ነው።

አንደኛ፣ የዘንድሮው ጉዞ ወደ ወንጪ ደሴት ይሁን፤ ቀኑም ከጥር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ዕረፍታችን በሚውልበት ሳምንት ይቆረጥ።

ሁለተኛ፣ መዋጮው በፖስታ ይሁን፤ «አቅሙ የፈቀደ» የሚለው ቃል ከማስታወቂያችን ይውጣ፤ በእርሱም ፈንታ «የክፍሉ ተማሪ ሁሉ ይመዝገብ» ተብሎ ይጻፍ።

ሦስተኛ፣ ሁለት ሰዎች ቀድመው ሄደው የመግቢያውን፣ የጀልባውንና የፈረሱን ዋጋ፣ የሰደርያውንም ቍጥር አይተው ይመለሱ፤ ያዩትንም በዚህ ጋዜጣችን ያውጡ።

አራተኛ፣ ለአሥር ተማሪ አንድ አለቃ ይመረጥ፤ ከአለቆቹም ግማሾቹ እኅቶቻችን ይሁኑ።

አምስተኛ፣ ሒሳቡ ከተመለስን በኋላ በአንድ ሳምንት ውስጥ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ተጽፎ በሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

ዛንዚባርን የተመኛችሁ ጓደኞቼ ምኞታችሁን አትጣሉት። የአርባ ሰው ገንዘብ በአንድ ሣጥን ሰብስቦ፣ አርባውንም ወስዶ፣ አርባውንም መልሶ፣ ሒሳቡን ማሳየት የተማረ ማኅበር ነገ ባሕር ቢሻገርም አያፍርም። አሁን ግን የመጀመሪያው ጀልባ ሲነሣ በዳር ቆሞ የሚቀር ወንድም እንዳይኖር በድምፅ እንድትወስኑ እጠይቃለሁ።